በሬው ይደር

በ2087 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመጸዳጃ ቤቴ በር እንደ ወትሮው «ኤልዳና፣ ዛሬ እንደ ትናንቱ ነሽ» አለኝ። እኔም እንደ ወትሮዬ ፊቴን ሳልታጠብ የዕለቱን ደንብ ከፈትኩ። ድሬዳዋ ውስጥ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንነቃው፤ አያቶቻችን የአየር ጠባይ ይሰሙ እንደነበረው እኛ ደንብ እናነባለን። የዚያ ቀኑ አጭር ነበር። እስከ ሰኞ ድረስ መርከብ ለመሳፈር የሦስት ቀን ንጹሕ ውጤት ይበቃ ነበር። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ተሳፋሪ ሁሉ ለዐሥራ አራት ተከታታይ ቀናት እንደ ትናንቱ መሆን አለበት ይላል።

ድሮ ምርመራ በሽታ ይፈልግ ነበር አሉ። የትኛው በሽታ እንደሚመጣ ማወቅ ሲያቅታቸው ለውጥ መፈለግ ጀመሩ፤ አሁን በየጠዋቱ የሚፈልገው የየቤቱ መጸዳጃ ነው። ሆድህ ትናንት የነበረውን ከሆነ ጤነኛ ነህ። ካልሆነ ምን እንደሆንክ ማንም አይነግርህም፤ አትሳፈርም፣ አለቀ።

በደንብ የምበሳጭ ሰው አይደለሁም። ሠላሳ አራት ዓመት በባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጬ ባቡር ሳስቆምና ሳስኬድ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የስንቱን ሰው ጉዞ በአንድ ቃል እንዳበላሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ አላማረርኩም፤ ወረቀት አወጣሁና ቀኖቹን ደረደርኩ። «አዜብ» የምትባለው መርከብ ከወደብ የምትነሣው ሐሙስ ሚያዝያ ሃያ ነው። የመጨረሻው ናሙና የሚሰጠው ረቡዕ ጠዋት እዚሁ ባቡር ጣቢያው ነው። ፋሲካ ደግሞ እሑድ ሚያዝያ ዐሥራ ስድስት ይውላል። ሁዳዴን ከመነሻው ጀምሮ ስለጾምኩ ሆዴ የሽሮና የምስር ሆድ ሆኗል። እሑድ በዶሮ ብፈታ ሰኞ በሩ እንደ ትናንቱ አይደለሽም ይለኛል፣ መርከቢቱም ጥላኝ ትሄዳለች። ስለዚህ አልፈታም።

ይህን ሁሉ የማደርገው ባሕር ለማየት አይደለም። ልጄ ተዋበች አዜብ ላይ ዳቦ ጋጋሪ ናት። የመርከቧ ሠራተኞች ለሰባት ዓመት ይፈርማሉ፤ በሰባቱ ዓመት ውስጥ መሬት የረገጠ ሠራተኛ ተመልሶ አይሳፈርም። ተዋበች ከገባች አራት ዓመቷ ነው። እዚያው ካንድ መካኒክ ጋር ተጋባች፣ እዚያው አረገዘች፣ እዚያው ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። አዜብ በእኛ በኩል የምታልፈው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጄን እኔ ካላረስኳት ማን ያርሳታል? መካኒኩ ገንፎ ማገንፋት አይችልም፤ ጠይቄዋለሁ።

ረቡዕ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። የፋሲካ ዕለት አልፈታም ማለት ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበር። በበዓለ ሃምሳ መጾም ክልክል መሆኑን አስታወሱኝ። ከዚያ፣ ሥጋ አለመብላት ብቻውን ጾም አይባልም፣ ጠዋት ተነሥተሽ ሽሮሽን ብዪ አሉኝ። የምግብ ሰዓት መለካት ገና ስላልተጀመረ ይህ ለደንቡም ለቤተ ክርስቲያኑም ተስማማ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዓርብ፣ ስቅለት ዕለት፣ ከስግደት ስንመለስ ዐንቀጽ ዐሥራ አራት ወጣ። ከተሳፋሪው ጋር አንድ ደረጃና አንድ የውኃ መስመር የሚጋሩ ሰዎች ሁሉ ተሳፋሪው እስኪሳፈር ድረስ እንደ ትናንታቸው መሆን አለባቸው ይላል። ማስታወቂያው ለየብሎኩ ጸሐፊ ነው የሚደርሰው። የእኛ ብሎክ ጸሐፊ ኖላዊ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ደረጃውን ወጥቶ በሬን አንኳኳና አነበበልኝ። ሃያ ሦስት ሰው ነን አለ። አውቃለሁ አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም በሰገነቱ ወደ ታች አየን።

መኪና ከማያውቀው መኪና ማቆሚያችን ላይ አንድ ዳለቻ በሬ ታስሯል። ዐሥራ አንድ ቤት ተሰባስቦ ለቅርጫ የገዛው ነው፤ ሐሙስ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ እውነቱን መናገር አለብኝ። ያንን ቅርጫ ለማስቀረት አራት ዓመት በተከታታይ አራት ማመልከቻ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በግቢ ውስጥ በሬ መታረዱ ንጽሕና ያጓድላል፣ ጩኸት ያበዛል፣ የውኃ መውረጃ ይዘጋል ብዬ ቁጥር እየሰጠሁ ጽፌአለሁ። ቅርጫውን የሚመራው አንደኛ ፎቅ ያለው በእምነት የሚባለው ጎረቤቴ ነው፤ ከእሱ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆንን ሰነበትን። ሰላምታችን እንኳ ደንብ የሚያዘው ያህል ብቻ ነበር። አሁን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሃምሳ አምስት ቀን የጾመውን ሰው ፋሲካህን ለእኔ ብለህ ተወው ልበለው?

አልልም አልኩ። ኖላዊ እንደሄደ ጉዞዬን የምሰርዝበትን ቅጽ ሞላሁ። ለተዋበች ልደውልላት አስቤ ግን አልቻልኩም። ቅጹን ሳልልከው አደርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ኖላዊ የብሎኩን ሰው ሁሉ ታች ሰበሰበ። ቅዳም ሹር ስለሆነ ሁሉም ቄጤማ በራሱ ላይ አስሯል። እኔ ሳልጠራ ነው የወረድኩት፤ ስለ እኔ ሲወራ በመስኮት መስማት አልወድም። ኖላዊ ዐንቀጹን አነበበ፣ የልጄን ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረ፣ ተቀመጠ። እኔ ተነሥቼ ማንንም ምንም እንዳልጠየቅኩ፣ ቅጼም ተሞልቶ እንደተቀመጠ አስታወቅኩ። ስናገር ድምፄ የመቆጣጠሪያ ክፍል ድምፄ ነበር፤ ባቡሩ ዘግይቷል እንደምለው።

በሬው ጮኸ።

በእምነት ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ልጅዎ መቼ ነው የምትወልደው አለኝ። ሁለት ሳምንት ቀርቷታል አልኩት። መጀመሪያዋ ነው? አዎ፣ መጀመሪያዋ ነው። የእሱ ሚስት ስትወልድ እናቷ ሌላ አገር እንደነበረች፣ በጊዜው በወጣ ደንብ መምጣት እንዳልቻለች በኋላ ሰማሁ። ያን ጊዜ ግን ምንም አላብራራም። ከራሱ ላይ ቄጤማውን አስተካከለና፣

«በሬው ይደር» አለ።

እስከ መቼ ይደር ብሎ የጠየቀ የለም። እስከ ሐሙስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሰዓዳ፣ እኔ እንኳ በናንተ ጾምም ፍስክም የለሁበት፣ ሆዴም እንደ ትናንቱ ነው፤ ለበሬው ግን ከፍየሎቼ ድርቆሽ እሰጠዋለሁ አለች። ፍየሎቿ ጣራው ላይ ናቸው፤ ስለ እነሱም አንድ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ተበታተንን። የተሞላውን ቅጽ ቤት ገብቼ ቀደድኩት።

የፋሲካ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሽሮ በላ። ከጎረቤት ብሎክ የዶሮው ወጥ ሽታ በየመስኮቱ እየገባ ነበር። እኔ ሰገነቴ ላይ ተቀምጬ ቁርሴን ስበላ በእምነት ታች ከበሬው አጠገብ በርጩማ ላይ ሆኖ ቢላዋ ይስላል። የሚታረድ ነገር እንደሌለ ያውቃል፤ ግን የፋሲካ ጠዋት እጁ ሥራ ለምዷል። ሁለት ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን ኖላዊ ማስታወቂያ የሚደርስበትን ትንሽ ሰሌዳ በእጁ ይዞ ወደ እሱ ሄደ። አንድ ነገር አሳየው። በእምነት ቢላዋውን እንደያዘ ብድግ አለና በሬውን አየው። ቀጥሎ ሁለቱም ቀና ብለው ወደ እኔ ሰገነት አዩ። እኔ ዓይኔን ሰሐኔ ላይ ተከልኩ። እየረገሙኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢረግሙኝም አልፈርድባቸውም ነበር። ደግሜ ሳይ በእምነት ቢላዋውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሬውን ፈትቶ ወደ ጥላው እየወሰደው ነበር።

ቀትር ላይ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን፣ ሽሮና ጎመን ቀረበ፣ ኖላዊ ባረከ። ሰዓዳ ድርቆሽ ተሸክማ ወረደችና በዚህ ግቢ በዓሉን በልቶ የጠገበ በሬው ብቻ ነው አለች። ሁሉም ሳቀ፤ በእምነትም ሳቀ። እኔ ሰሐን እያነሣሁ አጠብኩ። ሰኞና ማክሰኞም እንዲሁ አለፉ። ጠዋት ጠዋት ከየቤቱ የበሩ ድምፅ በደረጃው ሲወርድ ይሰማል፤ እንደ ትናንቱ ነህ፣ እንደ ትናንቱ ነሽ፣ እንደ ትናንቱ ነህ። ከዚያ በፊት ያ ድምፅ እስር ቤት ስም ሲጠራ ይመስለኝ ነበር። በእነዚያ ቀናት ግን ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው እሰማው ነበር።

ረቡዕ ጣቢያው ላይ ናሙናዬን ሰጥቼ አለፍኩ። ከፊቴ ማክሰኞ የተሞሸሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ለጫጉላ ሽርሽር መሆኑ ነው። ሙሽራው እንደ ትናንቱ አይደለህም ተባለ። ሙሽሪት ግን በሠርጓ ቀን ከድግሱ ምንም ስላልቀመሰች አልፋለች። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ሻንጣዋን ይዛ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ከባቡሩ መስኮት እስክርቅ አየኋቸው፤ ሙዝ እየተካፈሉ ነበር።

ወደቡ ላይ ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻዋ ጠረጴዛ ጋ ደረስኩ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሠራተኛ መዝገቤን እያገላበጠች ጮክ ብላ ታነባለች። የራሴ ዐሥራ አራት ቀን፣ ሙሉ። ሳንባ፣ ደህና። ቆዳ፣ ደህና። ከዚያ «የግቢ ማረጋገጫ፣ አያስፈልግም» አለችና ገጹን ልትገለብጥ ስትል እጄን አስቀመጥኩበት።

ያስፈልጋል እንጂ፣ ሃያ ሦስት ሰው ነው አልኳት። ስሕተት እንዳይሆንና መርከቢቱ ላይ ከወጣሁ በኋላ እንዳይመልሱኝ ፈርቼ ነው። ሠራተኛዋ ተመልሳ አየችው።

«ዐንቀጽ ዐሥራ አራት ተሽሯል እኮ፣ እናቴ። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የተሻረው። ለብሎኩ ጸሐፊ ተልኳል፤ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ አንብበውታል። የርስዎ የራስዎ ብቻ ነው የቀጠለው።»

ሁለት ሰዓት ከዐሥር። ቢላዋው፣ በሬው፣ ቀና ብለው ያዩት ሰገነት። ሠራተኛዋ ደህና ነዎት ወይ ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፤ ግን ተቀመጥኩ። ተሳፈሪ የምባልበት ሰዓት እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ነበረኝና ለኖላዊ ደወልኩለት።

ለምን አልነገራችሁኝም አልኩት። መልሱን ለብዙ ቀን አዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ነበር።

«ደንቡ ለእኛ ተነሣ እንጂ ላንቺ አልተነሣም» አለኝ። «አንቺ ፎቅ ላይ ሽሮ እየበላሽ እኛ ታች ጥሬ ሥጋ በየትኛው ጉሮሯችን ይወርዳል? ብንነግርሽ ደግሞ እረዱ፣ ብሉ ብለሽ መከራችንን ታሳዪን ነበር። በእምነት ነው ዝም በላት ያለኝ።»

ሁሉም ያውቁ ነበር? አልኩት። ሁሉም፣ ሰዓዳ ሳትቀር አለ። እሑድ ቀትር ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መብላት እየቻለ ነው ሽሮ የበላው። ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃ ላይ ተላልፈን አንድም ሰው ቃል አላመለጠውም። እኔ ደግሞ የደንብ ሰው ስለሆንኩ ደንብ ይዟቸው ነው ብዬ ነበር የማመሰግናቸው፤ እሱንም በልቤ እንጂ በአፌ አላልኩትም። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲባል ስሰማ የኖርኩት ነገር ለካ እንዲህ ያለ ነው። በስልኩ ላይ አለቀስኩ። ኖላዊ መስመሩ ይቆራረጣል ብሎ ያልሰማ መሰለ።

መርከቢቱ ላይ ስወጣ ተዋበች ከሠራተኞች በር ኋላ ቆማ ነበር። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ደረሰኝ። አራት ዓመት በስክሪን ሳያት ልጄ ቁመቷ ከእኔ መብለጡን ረስቼው ኖሬአለሁ። አቀፍኳት። ዱቄት ዱቄት ትሸታለች። ብዙ ነገር ልነግራት አስቤ ከአፌ የወጣው ግን «በሬው ዛሬ ይታረዳል» የሚል ነበር። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ስለ ማመልከቻዎቹም ሳይቀር። ማመልከቻዎቹ ጋ ስደርስ እየሳቀች ሆዷን ያዘች፤ ምጥ መስሎኝ ደነገጥኩ።

ከተነሣን በኋላ ተሳፋሪ የመርከቧን ምግብ እስኪለምድ ሰባት ቀን ለውጥ ይፈቀዳል። ደንቡ ነው፤ ሁለቴ አነበብኩት። ተዋበች ለአራስነቷ ብላ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ደብቃ አቆይታ ነበር። ገና ሳትወልድ ገንፎ አገነፋንና መሐሉን ጎድጉደን ቅቤውን ሞላን። ከሃምሳ ዘጠኝ ቀን በኋላ የቀመስኩት የመጀመሪያው ፍስክ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እየበላን ከብሎኩ ምስል መጣልኝ፤ በእምነት እጅጌውን ሰብስቦ፣ ኖላዊ ከኋላው፣ መሬት ላይ በቅጠል የተደረደረ ሥጋ። ዐሥራ ሁለት መደብ ነው። ዐሥራ አንድ ቤት እንደነበሩ ጻፍኩላቸው። በእምነት የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፤ የርስዎ መደብ ሰዓዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፣ ሰዓዳም ፈቅዳለች።

በዚያው ቀን አራቱን ማመልከቻዎቼንና የፍየሎቹን አንድ ጨምሬ ሰረዝኳቸው። በምክንያት ቦታው ላይ ምን እንደምጽፍ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ «ተሳስቼ ነበር፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ላክሁት። ቅጹ ከሦስት ቃል በላይ አይቀበልም።

በማግስቱ ጠዋት የመርከቧ መጸዳጃ በር፣ በማላውቀው ድምፅ፣ «ኤልዳና፣ ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደለሽም» አለኝ።

«አይደለሁም፤ እግዜር ይስጣቸው» አልኩና ልጄን ልቀሰቅስ ሄድኩ።